ይሄ የቱ ነው?

በብረት ሥራ ቤት ጠዋትም ማታም የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ይሄ የቱ ነው?» የሚል። ጠያቂው በአንድ እጁ የተቆረጠ ትቦላሬ፣ በሌላው ዘይት የነካካው ወረቀት ይዟል። መልሱ ወረቀቱ ላይ ካለ ሥራው ይቀጥላል። ከሌለ በያጁ ጭንብሉን አውልቆ ይቀመጣል፤ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ግን ይነድዳል፣ የቀን ሠራተኛውም ሒሳብ ይቆጥራል። እኔ እንጀራዬ ድሮዊንግ፣ ማለትም የሥራ ሥዕል፣ መሥራት ስለሆነ ጥያቄው እኔንና የሙያ ባልደረቦቼን ይመለከታል። ዛሬ የማወጋችሁም ይኸው ጥያቄ ሞጆ አካባቢ አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ ስላመጣብን ጣጣ ነው። መንገድ ላይ ወደ አክሱምም ወደ ጀርመንም ጎራ ማለቴ ስለማይቀር ታገሡኝ።

ለሙያው እንግዳ የሆነ አንባቢ እንዳይቸገር መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ዛሬ የማሽንና የብረት ዲዛይን በአብዛኛው የሚሠራው በኮምፒውተር፣ በስሪዲ ሞዴል ነው። የቆየው ደንብ አንድ ፋይል ለአንድ ቁራጭ ነበር። እግሩ ለብቻው፣ ማገሩ ለብቻው ይሠራና አሴምብሊ በሚባል ሌላ ፋይል ላይ ይገጣጠማል። እያንዳንዱ ፋይል ስም ስላለው ድሮዊንጉ ላይ ባሉን ሲሳብ፣ ማለትም በክብ ውስጥ የገባ ቁጥር በመስመር ከቁራጩ ጋር ሲያያዝ፣ ፕሮግራሙ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ያውቃል። በኋላ ግን በአንድ ፓርት ፋይል ውስጥ ብዙ ቦዲዎችን፣ እርስ በርስ ያልተዋሐዱ ብዙ ጠጣር አካሎችን አንድ ላይ መሥራት ተቻለ። ሶሊድወርክስ ይህንን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 እትሙ ነው፤ በ2004 እትሙ ደግሞ ለብየዳ ሥራ የታሰበውን ዌልድመንት ጨመረበት። የአውቶዴስክ ኢንቬንተር በ2010 እትሙ ተከተለ።

አሠራሩ ለዲዛይነር ትልቅ እፎይታ ነው። እኔም ስሠራበት እውላለሁ። አንዱን እግር ስናስረዝም ከእሱ ጋር የተያያዘው ማገር አብሮ ይረዝማል፤ በየቁራጩ ፋይል እየከፈቱ ማስተካከል ይቀራል፤ ሁሉም ነገር ዓይን ፊት ነው። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ወደ ወረቀት ሲወርድ ነው። ፋይሉ አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንድ ዕቃ፣ አንድ ስምና አንድ ቁጥር ነው። ውስጡ ያሉት ቦዲዎች ዲዛይነሩ ካልሰጣቸው በስተቀር ወረቀቱ ላይ ቁጥር የላቸውም። በስክሪኑ ላይ ይህ አይታወቅም፤ አይጡን አስጠግቶ አንዱን ቦዲ ቢነኩት ለብቻው ይበራል። ወረቀት ግን ቢነኩት አይበራም።

አሁን ወደ ሞጆ። ሥራው የእህል ማንሻ ማማ ነበር። በቺንጊያ ላይ የተደረደሩ ባልዲዎች እህሉን ከታች ዝቀው ወደ ላይ የሚያወጡበት ማሽን አለ፤ እሱን ደግፎ የሚይዝ ባለ አራት እግር የብረት ማማ ነው። ዲዛይኑን የሠራው አዲስ አበባ ያለ አንድ ቢሮ ነው። ብረቱን የቆረጠው ቃሊቲ ያለ ሥራ ቤት ሲሆን ማማው የሚገጠመውና የሚበየደው ግን እዚያው መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ነበር። ቢሮው ሰው ወደ ሳይት እንደማይልክ ስላስታወቀ፣ የሥራ ቤቱ ባለቤት ድሮዊንጉን የሚያነብላቸው ሰው ፈልጎ እኔን ጠራኝ።

ማማው ወደ ላይ እየጠበበ ይሄዳል። የእግሮቹ አቀማመጥ ደግሞ አራት ማዕዘን ቢሆንም ጎኖቹ እኩል አይደሉም፤ የፊቱ ከጎኑ ትንሽ ይሰፋል። በዚህ ምክንያት በየደረጃው ያሉት አግዳሚ ማገሮች ርዝመታቸው ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን ዓይን የሚይዘው አይደለም። አንዱ 1,196 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሌላው 1,184። በየመገጣጠሚያው የሚገባ ጠርዙ የታጠፈ ማጠናከሪያ ላሜራም አለ። እጥፋቱ አንዱን የግራ፣ አንዱን የቀኝ ያደርገዋል። ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ስታዩዋቸው አንድ ይመስላሉ፤ በቦታቸው ሲገቡ ግን አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ከቢሮው የመጣው ወረቀት ጥሩ መልክ ነበረው። ማማው ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይና በአይሶሜትሪክ ተስሏል። የወረቀቱ መለያ በሆነው ሣጥን፣ በቲትል ብሎኩ ላይ የፓርቱ ቁጥር አለ። በሌላ ገጽ የቁራጮቹ ርዝመትና ብዛት በሰንጠረዥ ተዘርዝሯል። የቆራጩ ሥራ በዚህ ወረቀት ይሠራል፤ ርዝመቱን አይቶ ይቆርጣል። የገጣሚው ግን አይሠራም፤ ሰንጠረዡ ላይ ያለው ቁራጭ ሥዕሉ ላይ የትኛው እንደሆነ የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም። ቃሊቲ ያሉት ልጆች ይህንን አስተውለው በራሳቸው ብልሃት በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በጠመኔ ርዝመቱን ጽፈው ነበር። ከዚያ ግን ቀለም ቀቢው መጣና አንቲረስት ቀባው፤ ጠመኔው ከቀለሙ ሥር ቀረ። አይሱዙው ሞጆ ደርሶ ሲያራግፍ መሬት ላይ የወረደልን አንድ ዓይነት ቀይ ብረት ክምር ነበር።

ዋናው በያጅ ዕድሜያቸው የገፋ፣ በሙያው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩትና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ከፊት ያለውን ሥዕል ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ አንዱን ማገር አነሡና «ኢንጂነር፣ ይሄ የቱ ነው?» አሉኝ። በሜትር ለካነው። አንዱን አገኘን፣ ሁለተኛውን አገኘን። ማገሮቹን በዚህ መንገድ መለየት ይቻላል፤ ቀርፋፋ ሥራ ነው እንጂ አያቅትም። ላሜራዎቹ ጋ ስንደርስ ግን ሜትር አልረዳንም። ርዝመቱም ወርዱም አንድ ነው። የሚለየው የእጥፋቱ አቅጣጫና ከጠርዝ በአሥር ሚሊ ሜትር ፈቀቅ ያለች አንዲት የቡሎን ቀዳዳ ናት፤ ከሥዕሉ ደግሞ እጥፋቱ በየትኛው በኩል እንደሆነ አይታይም።

ቢሮው ስልክ ሲደወልለት ያነሣው ወጣት ትሑት ልጅ ነው። «አንድ ፓርት ነው እኮ፤ ቁጥሩ ቲትል ብሎኩ ላይ አለ» አለኝ።

«ተበይዶ ሲያልቅ አንድ ነው፤ አሁን ግን መሬት ላይ ክምር ነው» አልኩት።

«ሞዴሉ ላይ ሁሉም ቦታ ቦታው ላይ ነው፤ እሱን እያዩ ሊሠሩ ይችላሉ» አለ።

ሞዴሉ እጃችን ላይ አልነበረም። እስኪልክልን ድረስ የመጋዘኑ ኃላፊ ጊዜው አለፈብኝ ብለው ስላስቸገሩ ጋሼ በግምት የመጀመሪያውን ደረጃ በነጥብ በነጥብ ብቻ ያዝ አደረጉት። ሙሉ አልበየዱትም፤ ይህ ጥንቃቄያቸው በኋላ ከብዙ ጣጣ አዳነን። አራቱ እግሮች ቆመው፣ ማገሮቹ ተይዘው፣ ሁለቱን ሰያፍ ስንለካ አልተስማሙም። አራት ማዕዘን ቀጥ ብሎ የቆመ እንደሆነ የሚታወቀው ከጥግ እስከ ጥግ ያሉት ሁለቱ ሰያፎች እኩል ሲሆኑ ነው። የእኛው ማማ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል። ሁለት ላሜራዎች ተለዋውጠዋል፤ አንድ የጎን ማገር ፊት ላይ ገብቷል። ጋሼ ግራይንደሩን አስነሡና ነጥቦቹን መፍታት ጀመሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ልጄ፣ እኔ የተነገረኝን እበይዳለሁ። ያልተነገረኝን ከየት አመጣለሁ?» አሉኝ። እኔም የምመልስላቸው አልነበረኝም።

በመሐል ዝናብ መጣና መጋዘኑ ውስጥ ገባን። የዘበኛው ባለቤት ቡና አፍልተው ነበር፤ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ጠጣን። በተቀመጥንበት ዙሪያ እህሉ በቁልል በቁልል ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ ቁልል ላይ ካርድ ተንጠልጥሏል። የእህሉ ዓይነት፣ የገባበት ቀን፣ የጆንያው ብዛት ተጽፎበታል። «እትዬ፣ ያለ ካርድ የትኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከላይ ሲያዩት ጆንያ ሁሉ ጆንያ ነው» አሉኝ። ደጅ ያለው ክምራችን የጎደለው ይህ ካርድ ነበር።

ዝናቡ እስኪያባራ ያሰብኩትን ላካፍላችሁ። የአክሱም ሐውልት ከሮም ሲመለስ የመጣው በሦስት ክፍል ተነጥሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ አንቶኖቭ 124 አውሮፕላን በሦስት በረራ አመጣው፤ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ተተከለ። 24 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ነው። እንግዲህ ሥራው ከባድ ነበር፤ ግን የትኛው ከላይ የትኛው ከታች እንደሚሆን ማንም አይሳሳትም። ሦስቱ ክፍሎች አይመሳሰሉም። በግብፅ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ከናስር ሐይቅ ውኃ ለማዳን ተቆርጦ ወደ ላይ ሲዛወር ግን ከአንድ ሺህ የሚበልጥ የድንጋይ ብሎክ ነበርና እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት ነው የሄደው። ከዚህ የተረዳሁት ቁጥር የሚያስፈልገው ቁራጩ ስለበዛ ብቻ ሳይሆን ስለሚመሳሰል መሆኑን ነው። አንድ ድሮዊንግ ላይ አምስት ቁራጭ ብቻ ቢኖርና ሁለቱ የግራና የቀኝ መንታ ቢሆኑ፣ እነዚያ ሁለቱ ያለ ቁጥር መሄድ የለባቸውም።

ሥዕል ላይ ክፍሎችን ለይቶ ምልክት ማድረግም የኮምፒውተር ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪምና የማዕድን ሊቅ ጆርጂየስ አግሪኮላ ስለ ማዕድን ቁፋሮና ብረት ማቅለጥ የጻፈው «ደ ሬ ሜታሊካ» የተሰኘ መጽሐፍ እሱ በሞተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1556 ባዝል ውስጥ ታተመ። በውስጡ ያሉት የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች የውኃ መሳቢያ ማሽኖችንና መዘውሮችን ያሳያሉ። በየሥዕሉ ላይ አክስሉ፣ ጥርሱ፣ ቧንቧው እያንዳንዱ የራሱ ፊደል አለው፤ ከሥር ደግሞ የየፊደሉ ትርጉም ተዘርዝሯል። መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1912 ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት ኸርበርት ሁቨርና ባለቤታቸው ሉ ሄንሪ ሁቨር ናቸው፤ ሰውየው የማዕድን መሐንዲስ ነበሩ፣ በኋላም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የአግሪኮላ ሠዓሊዎች አንባቢያቸው ማሽኑን አይቶት እንደማያውቅ ገብቷቸው ነበር። እኛ ዘንድ ከወረቀቱ ማዶ ያሉት ጋሼም ሞዴሉን አይተውት አያውቁም።

ዝናቡ አባራ፤ ፋይሉም በቴሌግራም ደረሰ። ላፕቶፔን በጄኔሬተሩ መስመር ላይ ሰካሁና ከፈትኩት። በግራ በኩል ባለው ዝርዝር ውስጥ የቦዲዎቹን ማህደር ስገልጥ «ቦስ ኤክስትሩድ 14»፣ «ከት ኤክስትሩድ 22»፣ «ሚረር 3» የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ሶሊድወርክስ ለቦዲ ሰው ስም ካልሰጠው በመጨረሻ የነካውን ሥራ ስም ይሰጠዋል። ዛሬ «ቦስ ኤክስትሩድ 14» የተባለው ማገር ነገ ቀዳዳ ሲወጣለት ስሙ ተለውጦ «ከት ኤክስትሩድ» ይሆናል። ዲዛይነሩ አንዱንም አልሰየመም። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥ እንኳን የግራው ላሜራ የግራ መሆኑን የሚናገር ነገር የለም፤ እያንዳንዱን እየነካሁ፣ ሲበራ ቦታውን እያየሁ መለየት ነበረብኝ። አንድ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በማርከር ይመዘግባል።

ከዚያ ያደረግሁት ዲዛይነር የሆነ አንባቢ እንዲጠቀምበት በዝርዝር ልናገር። ፓርቱ ውስጥ የዌልድመንት ፊቸሩን አስገባሁ። ይህ ሲደረግ የቦዲዎቹ ማህደር ወደ ከት ሊስት፣ ማለትም ወደ ቁራጮች ዝርዝር ይለወጣል፤ አንድ ዓይነት የሆኑ ቦዲዎች በአንድ ተራ ቁጥር ሥር መሰብሰብ ይችላሉ። የግራና የቀኝ ላሜራዎች በተለያየ ተራ ላይ መሆናቸውን አንድ በአንድ አረጋገጥሁና ለእያንዳንዱ ተራ መግለጫ ጻፍኩ፤ «የፊት ማገር፣ ደረጃ 2»፣ «ላሜራ፣ ግራ» እያልኩ። ድሮዊንጉ ላይ የከት ሊስቱን ሰንጠረዥ አስገባሁ። ባሉን ስስብ አሁን ቁጥሩ የሚመጣው ከዚያ ሰንጠረዥ ነው። ሥዕሉና ዝርዝሩ ተያያዙ ማለት ነው።

ባሉኑ የት ላይ እንደሚያርፍም ማሰብ ያስፈልጋል። በዓለም አቀፉ የድሮዊንግ ደረጃ ከባሉኑ የሚወጣው መሪ መስመር የአንድን ነገር ጠርዝ ሲነካ በቀስት ያልቃል፤ ከዕቃው ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲያርፍ ደግሞ በነጥብ። ለባለ ብዙ ቦዲ ፓርት ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው። ማገሩ ከእግሩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ቀስት ብታሳርፉ፣ ያ መስመር የማገሩም የእግሩም የላሜራውም ጠርዝ ነው፤ አንባቢው የሦስቱን የትኛውን እንደጠቆማችሁ አያውቅም። ነጥቡን ላሜራው ገጽ መሐል ላይ ብታሳርፉት ግን ክርክር የለም። መገጣጠሚያዎቹ በጣም በተጨናነቁበት ቦታ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሥዕል አወጣሁና የዚያን መገጣጠሚያ ቦዲዎች ብቻ እንዲያሳይ አደረግሁት፤ ፕሮግራሙ በአንድ ሥዕል ላይ የሚታዩትን ቦዲዎች መምረጥ ይፈቅዳል። የእጥፋቱ አቅጣጫ በግልጽ የታየን ያኔ ነው።

ሞጆ ከተማ ያገኘነው ፎቶ ኮፒ ቤት ከኤፎር የሚበልጥ ወረቀት አልነበረውም። ሥዕሉ ሲያንስ ልኬቶቹ ለማንበብ የሚያስቸግሩ ሆኑ፤ የቁራጮቹ ቁጥር ግን ጎልቶ ይነበብ ነበር። አይኤስኦ 6433 የተባለው ደረጃ የቁራጭ ቁጥር ከሌላው ጽሑፍ ሁሉ ተለይቶ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ፊደሉን በማተለቅ፣ ለምሳሌ የልኬቱን እጥፍ በማድረግ፣ ወይም በክብ ውስጥ በማስገባት። ቁጥሮቹን በዚህ ልክ ስላተለቅኋቸው ኤፎሩም አላሸነፋቸውም። ቀለም እያደረጉ ቦዲዎችን የሚለዩ ባልደረቦች አሉኝ፤ በስክሪን ላይ ያምራል፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽን ሲወጣ ግን ሁሉም ግራጫ ነው።

ወረቀቱ ሲመጣ ጋሼ ወዲያው ወደ ብየዳ አልሄዱም። ከአንድ የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ የቁጥር መምቻ ስብስብ አስገዙ፤ ጫፉ ላይ ቁጥር የተቀረጸበት፣ በመዶሻ ሲመቱት ብረቱ ላይ ታትሞ የሚቀር ነው። «ጠመኔ ዝናብ ይወስደዋል፤ ማርከር ቀለም ይሸፍነዋል፤ ይሄ ግን ጣት ሲነካው ይነበባል» አሉ። መምቻዎቹን ሳያቸው ለ6 እና ለ9 አንድ ብቻ ነው ያለው፤ ሲገለበጥ አንዱ ሌላውን ይሆናል። መሬት ላይ የወደቀ ላሜራ ደግሞ በየትኛውም በኩል ሊነሣ ይችላል። ጋሼ ይህንን ሳልነግራቸው አስበውበታል፤ ከእያንዳንዱ 6 እና 9 ሥር በመሮ አጭር መስመር እየመቱ ታችኛውን ጎን ያሳዩ ነበር።

ሌላም አስተማሩኝ። ቁጥሩን የትም አይመቱትም። ድሮዊንጉ ላይ በግራ በኩል የሚታየው ጫፍ ላይ፣ ብየዳም ግራይንደርም በማይነካው ቦታ ነው የሚመቱት። በብረት ሕንፃ ሥራ የቆየ ልማድ ነው። በዚህ መንገድ ቁጥሩ የቁራጩን ማንነት ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንም ይናገራል፤ ገጣሚው ማገሩን አንሥቶ ቁጥሩ ወዳለበት ጫፍ አይቶ በቀጥታ ያስገባዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው ሮጠ። ልጆቹ ከወረቀቱ ላይ ቁጥር ይጠራሉ፣ ከክምሩ ሌላው አንሥቶ ያቀብላል፣ ጋሼ ይበይዳሉ። ሰያፎቹ ተስማሙ። ማማው ቆመ፤ ማሽኑም እህል ማንሣት ጀመረ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሁለተኛው ማማ አዲስ ድሮዊንግ ከዚያው ቢሮ መጣ፤ በዚህኛው ላይ ባሉን አለ። ደስ አለኝ። ጠጋ ብዬ ሳነብ ግን 7 ቁጥር ሁለት ቦታ ላይ፣ በሁለት የተለያዩ ቁራጮች ላይ ተጽፏል። ወጣቱ ቁጥሮቹን ከዝርዝሩ ሳያያይዝ በእጁ ነው የጻፋቸው። በኋላ አንድ ማገር ተጨመረና የዝርዝሩ ቅደም ተከተል ተቀየረ፤ በእጅ የተጻፉት ግን ባሉበት ቆዩ። እንዲህ ያለው ቁጥር ባይኖር ይሻል ነበር። ቁጥር ከሌለ ሰው ይጠይቃል፤ የተሳሳተ ቁጥር ሲያይ ግን አምኖ ይበይዳል። ወረቀቱን መለስኩለትና በስልክ ረዥም ጊዜ አወራን። ዌልድመንቱን አስገብቶ ከከት ሊስቱ ጋር አያይዞ መልሶ ላከ። ከዚያ ወዲህ የሚልከው ሥራ ንጹሕ ነው።

የተለያየ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ባልደረቦቼ መንገዱ ይለያይባችኋል። ኢንቬንተር ውስጥ ቦዲዎቹን «ሜክ ኮምፖነንትስ» በሚለው ትእዛዝ ወደየራሳቸው ፋይልና ወደ አሴምብሊ ስታወጧቸው ባሉኑም ዝርዝሩም ይሠራል። በነጻ የሚገኘው ፍሪካድ በቴክድሮው ገጹ ላይ ባሉን አለው፤ ጽሑፉን ግን የምታስገቡትና የምታስተካክሉት እናንተ ስለሆናችሁ ሞዴሉ በተለወጠ ቁጥር አንድ በአንድ ማረጋገጥ የእናንተ ግዴታ ነው። ሶሊድወርክስን እ.ኤ.አ. በ1993 የመሠረተው ጆን ሂርሽቲክ ከባልደረቦቹ ጋር በኋላ ኦንሼፕን አቋቁሟል። ኦንሼፕ ውስጥ በአንድ ፓርት ስቱዲዮ የሚሠራ እያንዳንዱ ቦዲ ከመነሻው እንደ ራሱ ፓርት ይቆጠራል፤ የራሱ ስም፣ የራሱ ቁጥርና የራሱ ማቴሪያል ሊኖረው ይችላል። እኔ ትክክለኛው አስተሳሰብ ይህ ነው ባይ ነኝ። ነገሩን ግን መሣሪያው ብቻውን አይፈታውም፤ ኦንሼፕ ላይም «ፓርት 1፣ ፓርት 2» ብሎ የሚተዋቸው ዲዛይነር አለ።

«ተበይዶ አንድ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ይበቃዋል» የሚለውን ክርክር በብዙ ቢሮ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ለመጋዘን ያዥና ለገዢ ይሠራል። እነሱ የሚያዩት ያለቀውን ዕቃ ነው። የአሜሪካው የድሮዊንግ ዓይነቶች ደረጃ አስሚ ዋይ 14.24 እንኳ ተበይደው ወይም ተጣብቀው ዳግም የማይለያዩ ነገሮችን የሚመለከተውን ድሮዊንግ ከአሴምብሊ ድሮዊንጎች ጎራ ነው የመደበው። መጨረሻ ላይ አለመለያየታቸው መጀመሪያ የተለያዩ የነበሩ መሆናቸውን አይሽረውም። በቆራጩ፣ በቀለም ቀቢው፣ በአይሱዙው ረዳትና በበያጁ እጅ የሚያልፉት እንደ ቁራጭ ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዳቸውም ሞዴሉን አይከፍቱም።

ስለዚህ ድሮዊንግ የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ወረቀቱን ከመላካችሁ በፊት ይህንን አድርጉ። በሞዴላችሁ ውስጥ ያሉትን ቦዲዎች አንድ በአንድ ንኩ። የሰው እጅ ለብቻው የሚያነሣው ከሆነ ስም ስጡት፣ ከዝርዝሩ ጋር የተያያዘ ቁጥር ስጡት፣ መሪ መስመሩን ገጹ ላይ በነጥብ አሳርፉ። የግራና የቀኝ መንታዎችን ለዩ። ሥራ ቤት ያላችሁም ቁጥር የሌለው ድሮዊንግ ሲመጣላችሁ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት መልሱት፤ መመለስ መብታችሁ ነው። በበኩሌ፣ ቦዲዎቹ ያልተቆጠሩበት ድሮዊንግ ምንም ያህል ቢያምር ያላለቀ ሥራ ነው፤ ላልተጠናቀቀ ሥራ ደግሞ ክፍያ መጠየቅ አይገባም።